የጊታረኛው ሰባት ቤት

አባባ እህቴን አልድርም ያሉት ልጁ ፈረንጅ ስለሆነ አልነበረም። አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል መኖር ከጀመሩ ወዲህ ፈረንጅ ለምደዋል፤ ከግራ ጎረቤታቸው ጋር የሣር ማጨጃ ይዋዋሳሉ፣ የቀኙን ጎረቤት ውሻ ደግሞ በአማርኛ ይቆጡታል። ችግሩ የልጁ አባት ነበር። ሰውየው ጊታረኛ ነው። ያውም እንደ እኛ መዘምራን እሁድ እሁድ የሚመታ ሳይሆን፣ በጉብዝናው ወራት ፀጉሩን እስከ ወገቡ ለቆ፣ እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞረ ሳውዘርን ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው።

ይህን ሲሰሙ አባባ ላይ ሁለት ነገር ተደራረበባቸው። አንደኛው፣ ጌታን ከተቀበሉ ጀምሮ ዘፈን በደጃቸው አያልፍም። መኪና ውስጥ ሬዲዮ ስከፍት የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያለችውን ዜማ ሳይቀር «አጥፊያት» ይሉኛል። ሁለተኛው ከዚያም በፊት የነበረ ነው፤ ከአዝማሪ ቤት ጋር ጋብቻ የለም ሲባል እየሰሙ ነው ያደጉት። ሃይማኖታቸው ሲለወጥ ብዙ ነገር አብሮ ተለውጧል፣ ይቺኛዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ከዝንብ ማር አይጠበቅም» አሉ፣ ነገሩ በእሳቸው በኩል ተዘጋ።

እህቴ ፋርማሲስት ናት። ከልጁ ጋር ያገናኛቸውም ብልቃጥ ነው። አንድ ቀን መስኮቷ ላይ መጥቶ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ጠየቃት። መድኃኒቱን አይደለም፣ ጠርሙሱን ብቻ፣ እሱም ፕላስቲክ ሳይሆን ብርጭቆ የሆነውን። ሱሰኛ መስሏት ለአለቃዋ ልትናገር ስትል ልጁ ገባውና አስረዳት። አባቱ ጊታር ሲጫወት ጠርሙሱን እንደ ቀለበት ጣቱ ላይ አጥልቆ በክሮቹ ላይ ያንሸራትተዋል፤ የድሮው ወድቆ ተሰበረ፤ ዛሬ ደግሞ መድኃኒት ሁሉ በፕላስቲክ ሆኗል። እሷም መጋዘን ገብታ ፈልጋ፣ ከዕቃ ሁሉ ኋላ የተረሳ አንድ አገኘችለት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አልጠየቅኋት፣ እሷም አልነገረችኝ።

አሜሪካ አይደለም እንዴ፣ አባቷ እምቢ ቢሉ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ትፈርማ የሚል አይጠፋም። እኔም ብያታለሁ። እህቴ ግን እንግሊዝኛው ሲፈልቅላት ፈረንጅ ትምሰል እንጂ፣ ውስጧ እንደ አክስቶቻችን ነው። «አባባ ካልመረቀኝ አላገባም፤ ሌላም አላገባም» አለችኝ። ሠላሳዎቹን እያገባደደች ነው። እሷ እንዲህ ብላ ስትቆርጥ መመለሻ እንደሌላት ከልጅነቷ አውቃለሁና ፈራሁላት።

ልጁ መጀመሪያ የመጣው ብቻውን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አበባ ይዞ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የሸመደደውን አማርኛ ለቀቀው፤ «ልጅዎን ማግባት እፈልጋለሁ»። አባባ አበባውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይሄ ልጅ ሰው የለውም እንዴ?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁም የተባረረ መስሎት አበባውን ለእማማ ሰጥቶ ወጣ፣ እህቴ ተከትላው መኪና ውስጥ ገብታ አለቀሰች።

እኔ ነኝ ወጥቼ የመኪናውን መስኮት ያንኳኳሁት። «አልከለከሉህም» አልኩት። «በእኛ ደንብ ሚስት በገዛ አፍ አይጠየቅም። ሽማግሌ ላክ ነው የሚሉህ።»

«ምን ዓይነት ሽማግሌ?»

«ዕድሜ የጠገቡ፣ የተከበሩ። ሦስት ቢሆኑ ጥሩ ነው።»

ብዙ አሰበ። እናቱ ሞታለች፣ አጎት የለው፣ አክስት የለው። «አባቴ አለ» አለ። «ሌሎቹ ሁለቱ... አባቴ ባንድ ውስጥ ያሉት ይሆናሉ?»

ሳቄ መጣ። አባባ ዘፋኝ ጠሉ ሲባል ሦስት ዘፋኝ ሊልክባቸው ነው። ግን ምን ምርጫ ነበረን?

ሦስቱን በስልክ አሠለጠንኳቸው። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለሆነ የጆርጂያ ሽማግሌ አነጋገር አይከብደኝም፤ ቃሉን እንደ ማስቲካ እየጎተቱ ሲናገሩ ቤተሰቦቼ ግራ ሲጋቡ እኔ ገብቶኝ እስቃለሁ። ተቀመጡ ሲሏችሁ ወዲያው አትቀመጡ አልኳቸው። መልስ ሳታገኙ ምንም አትቅመሱ፣ ውሃም ቢሆን። ነገር አታስረዝሙ። «የስ ማም» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ፤ «እሺ እመቤቴ» ማለታቸው ነው። ሁሉን የነገርኳቸው መስሎኝ ነበር።

የተቀጠረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አባባ በእሳቸው በኩል አንድ ወዳጃቸውን አስቀምጠዋል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ክላርክስተን ውስጥ ሱቅ አላቸው፣ ጨዋታ ይወዳሉ። ሁለቱ በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያዩ የእንግዶቹ ፒክአፕ መኪና መጥቶ ቆመ። መጀመሪያ የወረደው ጊታረኛው ነው፤ ነጭ ጢሙ ደረቱን አልብሶታል። ቀጥሎ ከበሮ መቺው፤ ጥቁር፣ ረዥም፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ባርኔጣ የደፋ፣ በራሱ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን የሆነ ሰው። መጨረሻ ላይ ኦርጋን ተጫዋቹ እያለከለከ ወረደ፤ ዕድሜ ልኩን ከስፒከር አጠገብ ስለቆመ ካልጮኹለት አይሰማም። ልጁ ደንቡን ጠብቆ መኪናው ውስጥ ቀረ። (ሦስቱን አንቱ ብዬ ብጽፋቸው ከአባባ ጋር ይምታቱብኛል። ስለዚህ አንተ ብያቸዋለሁ፤ እነሱ እንደሆነ አያውቁብኝም።)

«ጢሙን አየኸው?» አሉ አባባ።

«አብርሃምን ነው እንጂ ዘፋኝ አይመስልም» አሉ ወዳጃቸው።

ይሄኔ ጊታረኛው ከመኪናው ኋላ ረዥም ጥቁር ሣጥን አወጣ። ጆርጂያ ውስጥ ረዥም ሣጥን ያየ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ጊታር አይደለም። አባባ ከመጋረጃው ዘወር አሉ። «መሣሪያ ይዞ ነው ለሽምግልና የሚመጣው?» አሉኝ። «የሙዚቃ መሣሪያ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ እንዳየሁት ጠመንጃ ቢሆን ይሻላቸው ነበር።

ገቡ፣ ቆሙ። አባባ «ተቀመጡ» አሉ፤ አልተቀመጡም። ደግመው «ኧረ ተቀመጡ» ሲሉ ሦስቱም እንደ ወታደር እኩል ዱብ አሉ። እማማ ከጠዋት ጀምራ የደከመችበትን ዶሮ ወጥ አቀረበች፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ታንክ ዩ ማም» ብቻ። አምባሻ አመጣች፤ «ታንክ ዩ ማም»። «ምነው፣ ተጸየፉን እንዴ?» አለችኝ በጆሮዬ። «የእናንተኑ ደንብ ነው የሚያከብሩላችሁ» አልኳት። አባባ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ግን ደስ እንዳላቸው ከአፍንጫቸው መነፋት አወቅሁ።

ጊታረኛው ተነስቶ «ልጅዎን ለልጄ እንዲሰጡኝ ልለምን መጥቻለሁ» አለ። ቆንጆ አድርጎ ነው የተናገረው፣ እኔም ቆንጆ አድርጌ ተረጎምኩት። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በያቸው» አሉኝ። «እስከ ሰባት ቤት ዘራቸውን ይቁጠሩልኝ።»

ክው አልኩ። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ትውልድ መቁጠር ደንብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከፈረንጅ ጋር ይጠይቁታል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ወዳጃቸው እንኳ ደነገጡ። «ሰማህ? ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን ዝምድና ይኖረናል ብለህ ነው?»

«ደንብ ደንብ ነው» አሉ አባባ። ለማሳየትም የራሳቸውን ከአባታቸው ጀምረው እስከ ሰባተኛው፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ አወረዱት።

ተረጎምኩ። ጊታረኛው ጢሙን ጨበጠ። አባቱንና አያቱን ያውቃል፤ አያቱ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን አያውቅም። «እኛ ዘንድ ሰው ስለ ቅድመ አያቱ ብዙ አይጠይቅም» አለ። «ቢጠይቅ የሚያገኘውን ላይወደው ይችላል።»

«ሁለት ብቻ?» አሉ አባባ።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። እህቴ ናት፣ ከመኝታ ቤት። «ሄሎ፣ ምን እየሆነ ነው?? ቴክስት አድርጊልኝ!!» ምን ብዬ ልጻፍላት? ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ጊታረኛው ግን አልተቀመጠም። «ማም» አለኝ፣ «ይህን ንገሪልኝ። የደሜን ዘር አላውቅም። የእጄን ዘር ግን አውቀዋለሁ። እሱን ብቆጥር ይሆናል?»

አባባ ወዳጃቸውን አዩ። «እስቲ ይናገር» አሉ ወዳጃቸው፤ ጨዋታ ከተገኘ እሳቸው መቼ ይጠላሉ።

«እኔን ጊታር ያስተማረኝ የዚህ ሰው አጎት ነው» አለና ወደ ከበሮ መቺው ጠቆመ። አጎቱ ከአትላንታ በስተደቡብ ባለች የባቡር ከተማ ጎማ ይለጥፍ ነበር። ያኔ ነጭ ልጅ ከጥቁር ሰው እግር ሥር ቁጭ ብሎ ሲማር ከታየ ለሁለቱም መዘዝ ነበረው። ስለዚህ ከጎማው ክምር ኋላ ይቀመጡ ነበር። አጎትየውን ያስተማረው ሐዲድ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ነው፤ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ክሩን በቢላ ጀርባ እያንሸራተተ ያናግረው ነበር። እሱን ደግሞ ያስተማረችው አንዲት ሴት ናት። በጥጥ እርሻ መሃል ባለች የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማ ጊታር ትመታ ነበር።

«ቤተ ክርስቲያን?» አሉ አባባ። «ጠይቂያቸው። ዘፈን ነው መዝሙር?»

ለዚህ የመለሰው ከበሮ መቺው ነው። «መዝሙር ነው እንጂ። ሴትዮዋ ቅድመ አያቴ ናት። ለጌታ ካልሆነ ክር ነክታ አታውቅም። የልጅ ልጆቿ ናቸው ቅዳሜ ማታ ያንኑ ዜማ ወስደው ቃሉን የለወጡት።»

«ሰረቁት በለኛ!» አሉ አባባ።

«ተዋስነው እንላለን» አለ ዲያቆኑ ከበሮ መቺ። «እሁድ እሁድ እየመለስን።»

ወዳጅየው ሳቃቸውን በመሐረብ ያዙ። ጊታረኛው ቀጠለ። በእናቱ በኩል ደግሞ የተራራ ሰዎች ዜማ አለ፤ ድሆች ከባሕር ማዶ ቫዮሊን ይዘው ያመጡት፣ ስለ ሞተ ፍቅርና ስለ ሞተ በቅሎ የሚያንጎራጉሩት። እሱና ጓደኞቹ ሲያድጉ ሁለቱም ዜማ ጆሯቸው ውስጥ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሁለቱንም አንድ ሶኬት ላይ ሰኩት። ሁለት ጊታር እንደ እህትማማች ጎን ለጎን እንዲያዜሙ አደረጉ፣ ከሥር ኦርጋኑን ከቤተ ክርስቲያን አመጡ፣ ድምፁን ከፍ አደረጉት፣ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። «ሳውዘርን ሮክ ብሎ ስም ያወጣለት የከተማ ሰው ነው» አለ ጊታረኛው። «እኛ ‹ቅዳሜ› ነበር የምንለው።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ሣጥኑን ከፈተ። እህቴ ያገኘችለትን ብልቃጥ ጣቱ ላይ አጠለቀና የዚያችን ሴትዮ መዝሙር ጀመረ። ከበሮ መቺው በመዳፉ ጉልበቱን እየመታ ከሥር አንጎራጎረለት። ጊታሩ ቃል የለውም፤ ግን እንደ ሰው ይለምናል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይለምናል። እማማ ጭልፋዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጥታ ቆመች። እኔ መጦሪያ ቤት ስንቱን ሸኝቼ የማላለቅሰው ሴትዮ አፍንጫዬን ማበስ ጀመርኩ። አባባ መሬት መሬቱን ያያሉ፤ ጫማቸው ግን ምቱን ይዟል።

ሲያበቃ ወዳጅየው ብድግ አሉ። «ይሄማ የእኛው ነው! ከእኛ ወስደውት ነው! በያቸው!» እኛ ደግሞ የሌላ ሰው ነገር ጥሩ ሆኖ ካገኘነው መቼም የእኛ ነው። ይህን አልተረጎምኩም።

እንዲህ ስንጫወት ኦርጋን ተጫዋቹን አየሁት። ግንባሩ በላብ ርሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ስኳር አለብህ?» ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩ። «የስ ማም።» ሮጬ የብርቱካን ጭማቂ አመጣሁ። ብርጭቆውን በመዳፉ መለሰው።

«ልጅቷን ሰጡን እንዴ?» አለ፣ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ።

«ገና ነው፣ አንተ ግን ጠጣ!»

«መልስ ሳይመጣ አትቅመሱ ብለሽ የለም?»

አባባ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። «ሽማግሌስ ይሄ ነው!» አሉ። «ለበሽታ ተፈቅዷል በይልኝ።» ሰውየው ፈቃዱን በደንብ እንዲሰማ ደግሜ ጮህኩለት፣ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

የፊቱ ቀለም ሲመለስ አባባም ወደ ነገራቸው ተመለሱ። ሳቃቸውን ሰብስበው ጣታቸውን አወጡ። «ጊታረኛው አንድ። ጎማ ቤቱ ሁለት። የባቡሩ ሰው ሦስት። ዘማሪዋ አራት። እሷንስ ማን አስተማራት?»

«እናቷ» አለ ከበሮ መቺው። «እናቷ ጊታር አልነበራትም። ጥጥ እየለቀመች ታዜም ነበር።»

«አምስት። ከእሷ በፊትስ?»

ሰውየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አሽከረከረው። «ከእሷ በፊት ያለውን አናውቅም» አለ። «ከየት እንደመጡ፣ ማን ይባሉ እንደነበር የጻፈልን የለም። እንደ ዕቃ ነው የተሸጡት።»

ይህን ወደ አማርኛ ማምጣት አቃተኝ። ቃሉን አጥቼው አይደለም፤ አፌ ነው እምቢ ያለኝ። እንደምንም ተናገርኩት። አባባ ጣቶቻቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«አምስት» አሉ። «ሁለት ጎደለ።»

በቃ፣ ደሜ ፈላ። እንግዳ ፊት ነው ቢሉኝ፣ ሽምግልና መሃል ነው ቢሉኝ የምሰማ አልነበርኩም። «አባባ! ሰዎቹ እኮ ስማቸውን ነው የተቀሙት! በዚያ ላይ እርስዎ ቁጥር ጎደለ ይሏቸዋል?»

«ዝም በይ፣ አልጨረስኩም» አሉኝ። ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም። ወደ ሦስቱ ዞሩና፣ እኔ እንድተረጉም እንኳ ሳይጠብቁ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ወደ ላይ ካልሞላ ወደ ታች ይሞላል። ስድስተኛው መኪና ውስጥ የተቀመጠው ልጃችሁ ነው። ሰባተኛውን እሱና ልጄ ይውለዱት። ሰጥቻችኋለሁ።»

ተረጎምኩላቸው። የመኝታ ቤቱ በር ተበረገደና እህቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ወጣች፤ ሙሽራ እስክትጠራ አትወጣም የሚለውን ማን አስታውሷት። «ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ፣ ገና ሳንጋባ ፕሬሸር አታድርግብን እንጂ!» አለችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እማማ እልልታዋን ለቀቀችው። ጊታረኛው በሩን ከፍቶ ልጁን በፉጨት ጠራው፣ ኦርጋን ተጫዋቹ «ሰጡን?» እያለ ይጮሃል።

ከበሮ መቺው ብቻ ከወንበሩ አልተነሳም። እጄን ያዘኝ። «ቅድመ አያቴንም ቆጥሯታል?» አለኝ። «ለዚህ ልጅ ዘር አድርጎ?»

ለአባባ ነገርኳቸው። ገረማቸው። «እንዴት አልቆጥራት?» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ዘመዴ አይደለችም እንዴ? ስሟን ጠይቂልኝ፣ አማቶቼን በስማቸው ማወቅ አለብኝ።»

ሰውየው ስሟን ነገራቸው። አባባ በአማርኛ ምላሳቸው ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም። ሰውየው ቀስ ብሎ አረማቸው። ዓይኖቻቸውን ጨፍነው፣ የራሳቸውን አያቶች ሲቆጥሩ እንደሚያደርጉት፣ ደግመው ደጋግመው አሉት።

በመጨረሻ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «አዎ» አለ። «እሷ ናት።»